ጠያቂው መልሱን ያውቀዋል? በልጅነታችን ስለ ቴሌቪዥን ውድድር የተሳሳትናቸው አምስት ነገሮች

ባለፈው በዓል አቀስታ፣ ቤተሰቦቼ ዘንድ ነበርኩ። ውጪው ብርድ ነው፤ እኛ ጋቢ ደርበን ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠናል። ነጻነት ወርቅነህ በኢቢኤስ የሚያቀርበው «የቤተሰብ ጨዋታ» ተከፍቷል። የሰባት ዓመቷ የእህቴ ልጅ መልስ በመጣላት ቁጥር ብድግ እያለች ትጮሃለች። አንዱ ተወዳዳሪ እሷ ያለችውን ሲደግመውማ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ጋሼ፣ ሰማኝ እኮ!» አለች።

ሳቅኩ። ግን መሳቅ አልነበረብኝም፤ በእሷ ዕድሜ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ያኔ እኛ ቤት ቴሌቪዥን ስላልነበረ ጎረቤት ሄደን፣ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን፣ መሬት ላይ ተደርድረን ነበር የምናየው። የጥያቄና መልስ ውድድር ሲመጣ መልሱን እጮሃለሁ። ታላቅ ወንድሜ አፌን በእጁ ከድኖ፣ «ዝም በል! ለሌላኛው ቡድን ታሰማበታለህ!» ይለኛል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ውድድሩ እኛን የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር። መብራቱ ሲመለስ ፕሮግራሙ አልቆ ሳገኘው እንዴት እንደተናደድኩ አስታውሳለሁ።

እነዚህ ሐሳቦች የሞኝ ሐሳቦች አይደሉም። ልጅ የሚያየውን ይዞ ግምት ይሰጣል፤ ሳይንስም የሚጀምረው ከግምት ነው። ልዩነቱ ግምቱን መፈተን ላይ ነው። ዛሬ አምስቱን ግምቶች አንድ በአንድ እንፈትን። መሣሪያችን አንዲት ጥያቄ ናት፦ መረጃው ከማን ወደ ማን ነው የሚሄደው? ከአምስቱ አንዱ እኔን ለረጅም ጊዜ ጎድቶኛል፤ እሱን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ።

1. «የምንጮኸው ይሰማቸዋል»

ይህ ግምት ከሜዳ አልመጣም። አቅራቢው ዓይን ዓይናችንን እያየ ሰላም ይለናል፤ ያናግረናል። ከእኛ በፊት የነበሩት ልጆችም አባባ ተስፋዬ ሳህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሰላምታ ሲሰጧቸው ከተቀመጡበት ሆነው ጮክ ብለው ይመልሱላቸው ነበር። ፊት ለፊት እያየ የሚያናግረን ሰው እኛንም ያየናል ብንል ምን ይገርማል?

የቴሌቪዥን ስርጭት ግን እንደ ወንዝ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚፈስ። ምስሉ ከስቱዲዮ ይነሳል፣ ወደ ሳተላይት ይወጣል፣ ተመልሶ ወደ ዲሻችን ይወርዳል፣ በሪሲቨር በኩል ስክሪኑ ላይ ይታያል። ጣሪያችን ላይ ያለው ዲሽ ተቀባይ እንጂ ላኪ አይደለም። ከቤታችን ወደ ስቱዲዮው የሚመለስ መንገድ የለም።

በቁጥርም እንየው። ሳተላይቱ ያለው ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ወጥቶ መውረዱ 72 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። የሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ ለጉዞው ብቻ ሩብ ሰከንድ ገደማ ይወስድበታል። ስለዚህ «ቀጥታ ስርጭት» የሚባለው እንኳ እኛ ጋ ሲደርስ ትንሽ ያለፈ ነገር ነው። የእኔ ጩኸት ደግሞ በአየር ላይ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚሄድ። ከአቀስታ 200 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ስቱዲዮ ቢኖርና ድምፄ መንገድ ላይ ባይሞት እንኳ፣ ለመድረስ 10 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። እስከዚያ ተወዳዳሪው ሽልማቱን ይዞ ወደ ቤቱ ሄዷል!

ከዚህም በላይ አብዛኞቹ ውድድሮች ቀድመው የተቀረጹ ናቸው። «ጄፐርዲ» የተባለው የአሜሪካ ውድድር በአንድ ቀን አምስት ክፍል ይቀረጻል። አሸናፊው በየክፍሉ መሃል ልብሱን ይቀይራል፤ ተመልካቹ በየዕለቱ የተቀረጸ ይመስለዋል።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ከማስረዳት መፈተን ይሻላል ብዬ፣ «እስቲ አውቀሽ የተሳሳተ መልስ ጩሂ» አልኳት። «ዝሆን!» ብላ ጮኸች። ተወዳዳሪው ዝሆን አላለም። እሷ ግን ምን አለች መሰላችሁ? «ስህተት መሆኑን ስላወቀ ነው!»

ተረታሁ። ግምቱን የማይነካ ፈተና ፈተና አይደለም። የተሻለው መንገድ ያው ክፍል ሲደገም ማየት ነው። መጀመሪያ ጩሁ፣ ሲደገም ዝም በሉ። እናንተ ብትጮሁም ባትጮሁም ተወዳዳሪው አንድ ዓይነት መልስ ከሰጠ፣ ጩኸታችሁ ምንም አልለወጠም ማለት ነው።

2. «ጠያቂው ሁሉን ያውቃል»

ልጅ ሳለሁ በአገሩ ትልቁ ሊቅ የጥያቄ ውድድር አቅራቢ ይመስለኝ ነበር። ስለ ወንዝም ስለ ነገሥታትም ስለ ኳስም ይጠይቃል፤ ደግሞ «ተሳስተሃል» ይላል። ሳያውቅ እንዴት እንዲህ ይላል?

ነገሩ ሲታይ የአቅራቢው ሥራ ሌላ ነው። ጥያቄውን የሚያዘጋጁ፣ መልሱን ከመጻሕፍት የሚያመሳክሩ፣ «ለዚህ ጥያቄ ሁለት ትክክለኛ መልስ ይኖረው ይሆን?» ብለው የሚከራከሩ ሰዎች ከካሜራው ጀርባ አሉ። አቅራቢው ካርድ ወይም ስክሪን ያነባል፤ ጆሮው ላይ ባለችው ትንሽ ማዳመጫም መመሪያ ይሰማል። በአንዳንድ ውድድሮች ተወዳዳሪው «የመጨረሻ መልሴ ነው» ብሎ እስኪያረጋግጥ ድረስ አቅራቢው ራሱ መልሱን አያየውም። ምክንያቱም ሰው መልሱን ካወቀ ፊቱ ያወራል። ቅንድቡን ትንሽ ቢያነሳ እንኳ መረጃ አሾለከ ማለት ነው።

መረጃ ደግሞ ባልታሰበ በኩል ይሾልካል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2001 በእንግሊዝ «ሚሊየነር መሆን የሚፈልግ ማነው?» በተባለው ውድድር ቻርልስ ኢንግራም የተባለ የጦር መኮንን 1 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያስገኘውን ጥያቄ መለሰ። አዘጋጆቹ ግን የቀረጻውን ድምፅ ደግመው ሲያዳምጡ፣ ትክክለኛው መልስ በተጠራ ቁጥር አዳራሹ ውስጥ ሳል እንደሚሰማ አስተዋሉ። ገንዘቡ አልተከፈለም። ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ኢንግራምን፣ ባለቤቱንና አሳለ የተባለውን ሌላ ተወዳዳሪ ጥፋተኛ ብሏቸዋል፤ እነሱ ግን አላደረግነውም ሲሉ ኖረዋል። አያችሁ? አቅራቢው ምንም ሳይናገር አንዲት ሳል በቂ ሆነች ተባለ።

3. «የሚዞረው ሰሌዳ ዕድል ብቻ ነው»

መብራቱ ከሳጥን ወደ ሳጥን ሲዘልና ተወዳዳሪው ቁልፍ ተጭኖ ሲያስቆመው ሁላችንም «ዕድሉ ነው» እንላለን። ማይክል ላርሰን የተባለ የኦሃዮ ሰው ግን «እስቲ ልየው» አለ።

በአሜሪካ «ፕሬስ ዩር ላክ» በተባለ ውድድር ላይ 18 ሳጥኖች ያሉት ሰሌዳ ነበር። መብራቱ አንዳንዶቹ ላይ ሲቆም ገንዘብ ይገኛል፣ አንዳንዶቹ ላይ ሲቆም እስከዚያ የተሰበሰበው ሁሉ ይጠፋል። ላርሰን ፕሮግራሙን እየቀረጸ ቤቱ ውስጥ ምስሉን በዝግታ ተመለከተው። መብራቱ የሚዘለው በዘፈቀደ ሳይሆን በአምስት የተወሰኑ ቅደም ተከተሎች ብቻ መሆኑን ደረሰበት። ሁለቱ ሳጥኖች ደግሞ ገንዘብ የሚያጠፋ ነገር መጥቶባቸው አያውቅም። አምስቱንም በቃሉ አጠናና እ.ኤ.አ. በ1984 ሄዶ ተወዳደረ። 110,237 ዶላር ይዞ ወጣ! ጣቢያው ነገሩን መርምሮ የተጣሰ ደንብ ስላላገኘ ገንዘቡን ከፈለው። ከዚያ በኋላ ቅደም ተከተሎቹን አበዟቸው።

ለእኔ ለኢንጂነሩ ይህ ታሪክ ትልቅ ትምህርት አለው። ማሽን የተባለውን ነው የሚያደርግ። ዘፈቀደ የሚመስለን ብዙ ነገር ጠጋ ብሎ ላየው ሥርዓት አለው።

4. «ሁሉም ድራማ ነው!»

ይህ ትንሽ ከፍ ስንል የሚመጣ ግምት ነው። ቀረጻ መሆኑን ስናውቅ «በቃ፣ ሁሉም ውሸት ነው» ማለት እንጀምራለን። ጮሌ የሆንን ይመስለናል። ግን ይህም ያልተፈተነ ግምት ነው።

እርግጥ ነው፣ ተደርጎ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1956 «ትዌንቲ ዋን» በተባለው የአሜሪካ ውድድር ኸርበርት ስቴምፐል የተባለ ተወዳዳሪ አዘጋጆቹ አውቆ እንዲሸነፍ አዘዙት። ለአሸናፊነት የተመረጠው ቻርልስ ቫን ዶረን ደግሞ መልሶቹን አስቀድሞ ያገኝ ነበር። ቫን ዶረን እ.ኤ.አ. በ1959 በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ይህንኑ አመነ። በማግስቱ ዓመት የጥያቄ ውድድርን አስቀድሞ ማዘጋጀትን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ ወጣ።

ልብ በሉ፣ ጥፋቱ ቀረጻው አልነበረም። ጥፋቱ መልሱ መድረስ ለሌለበት ሰው፣ መድረስ በሌለበት ሰዓት መድረሱ ነው። ቀርጾ ማሳየት፣ ቆርጦ ማሳጠር፣ ጭብጨባ መጨመር አንድ ነገር ነው፤ መልስ ማሾለክ ሌላ ነገር ነው።

5. «ቶሎ ያልመለሰ አያውቅም»

እኔን የጎዳኝ ይሄኛው ነው።

ቴሌቪዥኑ ላይ ተወዳዳሪዎቹ ጥያቄው ሳያልቅ ቁልፍ ይጫናሉ። እኔ መልሱን ባውቀውም ትዝ የሚለኝ እነሱ ከመለሱ በኋላ ነው። ስለዚህ «የእኔ ጭንቅላት ዘገምተኛ ነው» ብዬ ደመደምኩ። በኋላ ትምህርት ቤት ውድድር ሲኖር እጄን አላወጣም ነበር። አንዲት የክፍሌ ልጅ ግን ታወጣ ነበር። ወንበሯ ከኋላ ነው። እጇን ስታወጣ ሁልጊዜ «እሱ ቀድሞሻል» ተብሎ ዕድሉ ለፊተኛው ረድፍ ይሰጣል። ከዚያ ወዲህ ለውድድር ተመዝግባ አላየኋትም።

አሁን ሳይንሱን እንየው። ሰው መብራት ሲበራ አይቶ ቁልፍ ለመጫን 0.2 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። የሁለት ተወዳዳሪዎች ልዩነት ከዚህ በጣም ያነሰ ሊሆን ይችላል። ከፊት የቆመ ሰው ዓይኑን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ እስኪያዞር ድረስ ያ ልዩነት አልፏል። ስለዚህ በዓይን «ማን ቀደመ?» ብሎ መፍረድ ጥሩ ፈቃድ ላለው ሰውም የሚቻል ነገር አይደለም።

ለዚህ ነው ስቱዲዮዎች ሥራውን ለማሽን የሰጡት። ማሽኑ ቁልፎቹን በሰከንድ ሺህ ጊዜና ከዚያ በላይ እየዞረ ይጠይቃል፦ «ተጫንክ? አንተስ? አንተስ?» የመጀመሪያውን ባገኘ ቅጽበት ሌሎቹን ሁሉ ይቆልፋል፤ የቀደመው መብራት ብቻ ይበራል። «ጄፐርዲ» ላይ ደግሞ አቅራቢው ጥያቄውን አንብቦ ሳይጨርስ የተጫነ ሰው ቁልፉ ለሩብ ሰከንድ ይዘጋበታል። ስለዚህ ዝም ብሎ የቆመው ተወዳዳሪ ብዙ ጊዜ መልሱን ያውቀዋል፤ በጣት ነው የተቀደመ። ቁልፉ የሚለካው ጊዜን ነው፤ ዕውቀትን አይለካም።

ይህን የተረዳሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ያንን ማሽን በላብራቶሪ ስሠራ ነው። አራት ቁልፍ፣ አራት ትንንሽ መብራት፣ አንድ ማይክሮኮንትሮለር፣ በቃ። ባለፈው ክረምት ይዤው ወደ አቀስታ ሄድኩና የሰፈር ልጆችን ሰብስቤ ውድድር አደረግን። በመጀመሪያው ዙር ከኋላ የተቀመጡ ልጆች መብራት ደጋግሞ በራ፤ «እኔ ነኝ የቀደምኩ» የሚለው ጭቅጭቅም ቀረ። በሁለተኛው ዙር ቁልፉን ትተን ሁሉም መልሱን ወረቀት ላይ እንዲጽፍ አደረግን፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ 30 ሰከንድ። በመጀመሪያው ዙር መብራቱ አንድም ጊዜ ያልበራለት ልጅ ከሁሉም የበለጠ ትክክለኛ መልስ ነበረው። ወረቀቱን ደጋግሞ ሲያየው ራሴን ያየሁ መሰለኝ።

እናንተም ሞክሩት

ማሽን አያስፈልጋችሁም። አራት ወይም አምስት ሆናችሁ 10 ጥያቄ አዘጋጁ። አምስቱን እጅ በማውጣት፣ አምስቱን በወረቀት መልሱ። ውጤቱን ለየብቻ ጻፉና አወዳድሩ። አሸናፊው አንድ ሰው ነው ወይስ ተለወጠ? ፈራጁ ቦታውን ቢቀይር፣ «ቀደመ» የሚባለውስ ልጅ ይቀየራል? ጥያቄዎቹን ያዘጋጀው ሰው ደግሞ መወዳደር የለበትም፤ ለምን እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁ።

የእህቴ ልጅስ? በሳምንቱ ደወለችልኝ። ያው ክፍል ሲደገም አግኝታ፣ አፏን በእጇ ይዛ እስከ መጨረሻው ዝም ብላ አየችው። ተወዳዳሪው ያንኑ መልስ መለሰ። «ጋሼ» አለችኝ ቅር ብሏት፣ «እኔ ባልነግረውም ያውቀው ነበር ለካ።»