ከዛር ቤት የወጣው የኤሌክትሮኒክ ዜማ

በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና አገሮች፣ በአጋሮ፣ በሊሙ፣ በጌራ ያደገ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ቀልቶ የተለቀመው እሸት ቡና ተሰጥቶ ጀንፈል ከሆነ በኋላ ወደ መቀሸሪያው ይገባና ገለባው በአንድ ወገን፣ ፍሬው በሌላ ወገን ይወጣል፤ ዛሬ ለአንባቢ ላስተዋውቀው የተነሣሁት በተቀዳ ድምፅ የሚሠራው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃም በጥንተ ልደቱ የዚሁ ዓይነት ሥራ ነበረ፤ ይኸውም በመሣሪያ የተያዘውን ድምፅ እየቀሸሩ፣ ጆሮ ለብቻው ሰምቶት የማያውቀውን ረቂቅ ፍሬ ከውስጡ ማውጣት ነው።

የዚህ ጥበብ ጀማሪ ማነው በተባለ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው እ.ኤ.አ. በ1948 በፓሪስ የሠራው ፒየር ሼፌር ነው። ነገር ግን ከእርሱ አራት ዓመት አስቀድሞ፣ በ1944፣ ከቅብጥ ክርስቲያን ቤተሰብ የተወለደና የእርሻ ትምህርት የተማረ ሐሊም ኤል ዳብ የተባለ ግብፃዊ ወጣት፣ ድምፅን በብረት ሽቦ ላይ የሚቀዳ መሣሪያ ከካይሮ ራዲዮ ጣቢያ ተውሶ፣ ሴቶች ዛር ወደሚያወርዱበት ሥርዓት ይዞ ገባ። የቀዳውንም ዝማሬ ወደ ጣቢያው መልሶ፣ ግድግዳው በሚንቀሳቀስ ክፍል ውስጥ እያስተጋባ፣ መሠረተ ድምፁን አስወግዶ በላዩ የሚንሳፈፉትን ረቂቃን ድምፆች ብቻ አስቀረ። ዛር ደግሞ ከኢትዮጵያ ምድር ተነሥቶ ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ እንደ ወረደ ብዙ ሊቃውንት ይናገራሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓቱን እንደምታወግዘው ባውቅም፣ ከቡናና ከዕጣን ጢስ መካከል የተወለደው ይህ ዜማ ለዓለም አዲስ ጥበብ ከመጀመሪያዎቹ ጥሬ ዕቃዎች አንዱ መሆኑን ሳልናገር ማለፍ እውነትን መደበቅ ይሆንብኛል።

ይህንን ጥበብ ወደ ሕዝብ ሳሎን ያስገባው ቴሌቪዥን ነው። የእንግሊዝ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1958 ለዚህ ሥራ አንድ ክፍል አቋቁሞ ነበርና፣ በኅዳር 1963 «ዶክተር ሁ» የተባለው ተከታታይ ትርዒት ሲጀመር፣ ሮን ግሬነር የደረሰውን የመግቢያ ዜማ ዴሊያ ደርቢሻየር የተባለች ሴት ከአንድ የተመታ ጅማትና ከኤሌክትሮኒክ ድምፅ ማመንጫዎች በቀዳችው ድምፅ ሠራችው፤ እያንዳንዷን ኖታ በቴፕ ላይ እየለካች፣ እየቆረጠችና እየቀጠለች ያቆመችው ሥራ በትዕግሥቱ ከብራና ጽሕፈት ጋር የሚመሳሰል ነው።

በዚያው ዘመን ኤል ዳብ በአገራችን ነበረ። እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር፣ በኒው ዮርክ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች የሠለጠነው ይህ ሰው ሽቦና ቴፕን ትቶ፣ ቀድሞ በአንድ መድረክ አብረው እምብዛም የማይሰሙትን ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና እምቢልታ አሰባስቦ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። በእኔ አስተያየት ከሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ በካይሮ አንዱን ድምፅ ወደ ብዙ ከፍሎ የነበረ፣ በአዲስ አበባ ብዙውን ድምፅ ወደ አንድ አመጣ። ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲጀመር ሥርጭቱ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ አያልፍም ነበርና ጅማ ለጊዜው በራዲዮ ብቻ ተወሰነች፤ የኦርኬስትራው አባላት ግን በ1969 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ትርዒት ላይ ታዩ።

ጅማም ያለ ድርሻ አልቀረችም። በ1936 ዓ.ም. በዚህች ከተማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ በዌልስ፣ በለንደንና በቦስተን ተምሮ ሲመለስ፣ ቫይብራፎንን ከትዝታና ከአንቺ ሆዬ ቅኝት ጋር አገናኘ፤ ይህ መሣሪያ የሚመታው በእጅ ሲሆን፣ ከብረት ቁልፎቹ ሥር ባሉት ቱቦዎች ውስጥ ሰሌዳዎችን የሚያሽከረክር የኤሌክትሪክ ሞተር ስላለው ድምፁ እንደ ውሃ ማዕበል ይርገበገባል።

ከኤል ዳብ የዛር ቅጂ ዛሬ ለሕዝብ የሚሰማው ሁለት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። የእኛም ቅጂዎች ከጆሮ እንዳይርቁ፣ የጅማ እርጥበት ለቡናው በረከት ቢሆንም ለቴፕ ክር ጠላት ነውና፣ በጅማም በአጋሮም በየሣጥናችሁ የአባቶቻችሁን ድምፅ የያዘ ክር ያላችሁ ወገኖች፣ ክረምቱ ሳይገባ አውጥታችሁ አስገልብጡት።