ጥርስ የሚነቅል እጅ እንዴት ይመዘናል?

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)

ከቦዲቲ ወይም ከአረካ ገጠር ተነሥቶ፥ ጉንጩ አብጦ፥ ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ ገበሬ ወደ ወላይታ ሶዶ ሲመጣ ሐኪሙን የሚለምነው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም «ንቀልልኝ» የሚል ነው። ሐኪሙ በጅማ ወይም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በምን ውጤት እንደ ተመረቀ አይጠይቅም። ይህን በርሱ ፈንታ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ትምህርት ቤቱ ነው። ለአድማጮቻችን ዛሬ የምንገልጸውም የአጠያየቁን መንገድና ተማሪዎቹ ስለርሱ የሚሉትን ነው።

ጥርስ መንቀል ብዙ ሰው እንደሚገምተው የጉልበት ሥራ አይደለም። የላይኛው የፊት ጥርስ ሥሩ አንድና ሾጠጥ ያለ ስለ ሆነ ቀስ ተብሎ እየዞረ ይወጣል። የመንጋጋ ጥርስ ግን ከታች ሁለት፥ ከላይ ባብዛኛው ሦስት ሥሮች ስላሉት አይዞርም፤ በጉጠት ተይዞ ወደ ጉንጭና ወደ ውስጥ እየተገፋ፥ የያዘው አጥንት እስኪላላ ይጠበቃል። የቸኮለ እጅ ሥሩን ሰብሮ ያስቀራል። ከዚያም በፊት በዓይን ወደማይታይ ነርቭ የሚሄደው የማደንዘዣ መርፌ አለ፤ ስለ ደም ግፊት፥ ስለ ስኳር በሽታና ስለሚወሰዱ መድኃኒቶች መጠየቅም አለ። ጥርሱ ከወጣ በኋላ ደግሞ ታካሚው እስከ ማግሥቱ እንዳይጉመጠመጥ ካልተነገረው የረጋው ደም ታጥቦ ይሄድና ከፊተኛው የባሰ ሕመም ይከተላል።

በብዙ አገር የቆየው ልማድ ተማሪው የነቀላቸውን ጥርሶች መቍጠር ነበር። ቍጥር ግን ስንት እንደ ተነቀለ እንጂ እንዴት እንደ ተነቀለ አይናገርም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1975 ሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቹ በስኮትላንድ፥ በደንዲ ከተማ፥ የሕክምና ተማሪዎችን ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እያዘዋወሩ የሚፈትኑበትን ዘዴ አስታወቁ። ቈይቶም መምህሩ ከታካሚው አጠገብ ቆሞ፥ የሥራውን ደረጃ በዝርዝር ወረቀት እየተከታተለ፥ ወዲያውኑ እርማት የሚሰጥበት መንገድ ተስፋፋ። በሀገራችን በ2015 ዓ.ም. በመላው ዩኒቨርሲቲዎች የተጀመረው የመውጫ ፈተና ዕውቀትን ይለካል፤ እጅን ግን አይመዝንም።

ተማሪዎች በዚህ ዓይነቱ ምዘና ከሚያመሰግኑት ነገር ዋነኛው ፈጣኑ እርማት ነው። ቅሬታቸውም አለ። አንዱ የሚነቃነቅ ጥርስ ሲደርሰው ሌላው ሥሩ የቈለመመ ይደርሰዋል፤ አንዱ ፈታኝ ለጋስ፥ ሌላው ቈጣቢ ነው፤ መምህሩ ሲመለከት እጅ ይንቀጠቀጣል ይላሉ። በፊተኞቹ ሁለት ቅሬታዎች እውነት አላቸው። አንድ ቀን፥ በአንድ ጥርስ፥ በአንድ ፈታኝ የተሰጠ ፍርድ ፍርድ አይባልም፤ ምዘናው በተለያዩ ፈታኞች ደጋግሞ ሊደረግ፥ የጥርሱም አስቸጋሪነት አብሮ ሊመዘገብ ይገባል። ስለ እጅ መንቀጥቀጥ ግን ብዙ አናዝንላቸውም፤ ነገ ከሶዶ ገበሬ ፊት ብቻቸውን ሲቆሙ የሚመለከታቸው ዓይን ከመምህሩ ይልቅ የፈራ ነውና።

(በገጠራችን «ግግ» ነው እየተባለ የሕፃናትን ድድ የሚፈለፍለውን ሰው ግን ማንም ፈትኖት አያውቅም። የሚያወጣውም ትል ሳይሆን ገና ያልበቀለ የክራንቻ ጥርስ ነው።)

ከተማሪዎቹ ጥቂቶቹ የሚያነሡት ሌላ ነገር አለ፤ ታካሚው በፈተና ላይ መሆኑን ያውቃልን? ተማሪ እንደሚነቅልለት፥ መምህሩም አጠገቡ እንደሚቆም በሚገባው ቋንቋ፥ በጅማ ቢሆን በኦሮምኛ፥ በሶዶ ቢሆን በወላይትኛ፥ ከመርፌው በፊት ሊነገረው ይገባል። እንቢ ቢልም ጥርሱን መምህሩ ይነቅልለታል።