ከሞተር ሳይክል ወደ መኪና፦ ለሚበዛ ቤተሰብ ያገለገለ መኪና ሲመረጥ

በጌዴኦዋ ፍስሐ ገነትና በአካባቢዋ ብዙ ወጣት ባለትዳሮች ኑሮን የሚጀምሩት በሞተር ሳይክል ነው። ባል ይነዳል፣ ሚስት ከኋላ ትቀመጣለች፣ የመጀመሪያው ልጅ ከፊት ታንከሩ ላይ ይደረጋል። ሁለተኛው ሲወለድ በአባትና በእናት መሐል ይገባል። ሦስተኛው ሲመጣ ቦታ የለም፤ እውነቱን ለመናገር ለሁለተኛውም አልነበረም። ቡናው ደህና ዋጋ ባወጣበት ዓመት፣ ሒሳብ ከተዘጋ በኋላ፣ ያገለገለ መኪና የመግዛት ጉዳይ በየቤቱ የሚነሳው ለዚህ ነው።

ገንዘቡ የብዙ ዓመት ልፋት ስለሆነ አንዴ ከተሳሳቱ መመለሻው ሩቅ ነው። ገበያውም ለገዢ የሚመች አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖችን ከውጭ ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ ዛሬ ደላላው የሚያሳያችሁ ቪትዝ ወይም ኮሮላ በአብዛኛው እዚሁ አገር ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የቆየ ነው። ዋጋው አልወረደም፣ ዕድሜው ግን ጨምሯል። እንዲህ ባለ ገበያ ሰውን የሚያድነው ማወቅና አለመቸኮል ነው።

አባወራው መኪና ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጉልበቱን ነው። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱን የሚፈልግበት ቦታ ግን ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። በሜዳ አስፋልት ላይ ስንት ኪሎ ሜትር በሰዓት እንደሚበር ማወቁ ለጌዴኦ ሰው ብዙም አይጠቅመውም። ከዲላ ተነስቶ በይርጋ ጨፌ በኩል ወደ ደቡብ የሚሄድ መንገድ ዳገትና ቁልቁለት፣ መታጠፊያና ጭጋግ ነው። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ቀበሌ ከገቡ ደግሞ ቀይ አፈር አለ፤ ዝናብ ሲነካው እግርም ጎማም የማይዝ።

ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ጠለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ባለ 1,000 ሲሲ ቪትዝ ሲሠራ 70 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይባልለታል። 2,000 ሜትር ላይ ወደ 55 ይወርዳል፤ ያውም ሞተሩ አዲስ ቢሆን ነው። አሁን አባት፣ እናት፣ ሦስት ልጆችና አንድ ኩንታል ጫኑበት። አዲስ አበባ ላይ ከደላላው ጋር ለሁለት ሆናችሁ ሜዳ ላይ ስትሞክሩት እንደ ልብ የነበረው መኪና እዚህ ዳገት ላይ በአንደኛ ማርሽ ሲያቃስት ታገኙታላችሁ። እኔ ለአምስት ሰው ቤተሰብ በዚህ አካባቢ ከ1,300 ሲሲ በታች አልመክርም። ባለ ቱርቦ ናፍጣዎቹ፣ እነ ሃይሉክስ፣ ከፍታውን በተሻለ ይቋቋማሉ፤ ሆኖም ቱርቦው ወይም የነዳጅ መርጫው ሲበላሽ የጥገናው ሒሳብ የዓመት ቡና ሊበላ ይችላል።

ከጉልበቱ እኩል የሚታየው ማቆሙ ነው። ዳገት የወጣ መኪና መውረዱ አይቀርም። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ብቻ እየረገጡ መውረድ ሸራውን ያግላል፣ የጋለ ሸራ ደግሞ መያዝ ያቆማል። ማርሽ ቀንሶ በሞተሩ እየያዙ መውረድ የሚቻልበት መኪና መሆን አለበት። አውቶማቲክ ከሆነም ማርሹን ዝቅ ስታደርጉት በትክክል እንደሚይዝ ቁልቁለት ላይ ራሳችሁ ሞክሩት።

ወደ ወንበሩ እንምጣ። የቤት መኪና አምስት ሰው ይይዛል፤ ሾፌሩን ጨምሮ። ዛሬ አራት ከሆናችሁ ይበቃል። መኪናው ግን ቢያንስ አምስትና ስድስት ዓመት ቤታችሁ ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አንድ ልጅ ሊጨመር፣ አያት ወደ ሐኪም ቤት መመላለስ ሊጀምሩ፣ ዲላ ወይም ሐዋሳ የሚማር የእህት ልጅ ቤታችሁ ሊያርፍ ይችላል። መቁጠር ያለባችሁ ያን ጊዜ የሚኖረውን ሰው ነው። ሰባት ሰው የሚይዙት አቫንዛ፣ ረሽና ኤርቲጋ ለዚህ ይታሰባሉ። የኋለኛው ረድፍ ለልጆች እንጂ ለትልቅ ሰው አይመችም፤ ሰው ሲቀመጥበትም ለዕቃ የሚተርፈው ቦታ ትንሽ ነው። ይህን ሻጩ ላይነግራችሁ ስለሚችል ሰባቱንም ወንበር ዘርግታችሁ ባውሌውን ክፈቱና እዩት። ዶልፊን ሰፊ ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ ግን ነዳጁ ይከብዳል፣ ታርጋውም ብዙ ጊዜ ኮድ 3 ነው፣ ከጀርባውም ረጅም የታክሲ ዕድሜ ይኖረዋል። ፒካፕ የሚገዛ ሰውም ልጆቹን የጭነት ቦታው ላይ የመጫን ሐሳብ ካለው ይተወው። ሰው ስለሚያደርገው አደጋው አይቀንስም።

እያንዳንዱ ወንበር ቀበቶ እንዳለው እጃችሁን ሰዳችሁ አረጋግጡ። አገራችን ውስጥ የወንበር ልብስ ሲሰፋ የኋላ ቀበቶዎች ከሥር ተቀብረው ይቀራሉ፤ መቆለፊያውም በጨርቅ ይሸፈናል። ልብሱን ገልጣችሁ፣ ቀበቶውን አውጥታችሁ፣ በድንገት ሳብ አድርጉት፤ መያዝ አለበት። የማይይዝ ቀበቶ ለጌጥ ነው። የመሐለኛው መቀመጫ በብዙ አሮጌ መኪኖች ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰር ቀበቶ ነው ያለው፤ የሕፃን ወንበር ለማሰር ዳርና ዳር ያሉት ይሻላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትክክል የታሰረ የሕፃን ወንበር የጨቅላዎችን የሞት አደጋ በ70 በመቶ ያህል ይቀንሳል። እናት አቅፋው ፊት ወንበር ላይ መቀመጧ ግን ከለላ አይሆንም፤ በግጭት ጊዜ የየትኛዋም እናት ክንድ ልጁን አይዝም፣ የሚፈነዳው ኤርባግ ደግሞ ራሱ ልጁን ይጎዳዋል።

አሁን ብዙ ገዢ የማያየውን ነገር ልንገራችሁ። ቪትዝ በሚለው ስም የተሸጠው መኪና የተሠራው ለጃፓን ገበያ ነው። ጃፓኖች በመንገዱ ግራ ይነዳሉ፣ መሪያቸውም በቀኝ ነው። እኛ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ነው የምንነዳው። ስለዚህ ያ መኪና አገራችን ከመድረሱ በፊት አንድ ቦታ ዳሽቦርዱ ተፈትቶ መሪው ወደ ግራ ተዛውሯል ማለት ነው። በደንብ የተሠራ አለ፤ በጥድፊያ የተሠራም አለ። ለማወቅ ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጡና የዝናብ መጥረጊያውን አስነሱ። ከሾፌሩ ፊት፣ በግራው ጥግ፣ ሳይጠረግ የሚቀር ሰፊ ቦታ ካለ መጥረጊያው ለቀኝ መሪ የተሠራ ነው። የኮፈኑ መክፈቻ በተሳፋሪው በኩል መቅረቱም ሌላ ምልክት ነው። ከዚያ ኮፈኑን አንስታችሁ የፍሬኑን ማገዣ ፈልጉ፤ በቀኝ በኩል ቀርቶ ከፔዳሉ ጋር በሚሻገር ዘንግ የተያያዘ ከሆነ ያ ዘንግ ልቅ አለመሆኑን መካኒክ ከሥር ገብቶ ሊያየው ይገባል። ፔዳሉን ስትረግጡ የሚዘገይ ወይም ወደ ጎን የሚወዛወዝ ከሆነ ያን መኪና እዚያው ተዉት፤ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ። ልጆቻችሁን ይዞ ከዳገት የሚወርደው በዚያ ዘንግ ነው።

ምርመራውን በጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ አድርጉት። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ቅጠሩት። ቀዝቃዛ ሞተር ድብቅ ሕመሙን ያሳያል፦ ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት እየበላ ነው፣ ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቶበታል፣ ከሞቀ በኋላም የማይቆም ነጭ ጭስ ካለ ውሃ ወደ ሞተሩ እየገባ ነው። የዘይት መሙያውን ክዳን ፈታችሁ ውስጡን እዩ። ማኪያቶ የመሰለ ነገር ከተለጠፈበት ውሃና ዘይት ተቀላቅሏል፤ ቴስታታው ሊወርድ ይችላል ማለት ነው። የተጓዘበት ኪሎ ሜትር ላይ አትመኩ፤ ቁጥሩን ወደ ኋላ መመለስ ቀላል ነው። የፍሬኑ ፔዳል ጎማ ተበልቶ ብረቱ እየታየ፣ መሪው በእጅ ብዛት እየተንሸራተተ፣ ሰሌዳው 60 ሺህ የሚል ከሆነ የምታምኑት የፔዳሉን ምስክርነት ይሁን።

ጎማው ላይ የተጻፈ አራት አኃዝ አለ፤ 2319 ካለ ጎማው የተሠራው በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት ነው። ጥርሱ ያላለቀ፣ ግን ከስድስትና ሰባት ዓመት በላይ የሆነው ጎማ ውስጡ ስለሚደርቅ ርጥብ አስፋልት ላይ አይተማመኑበትም። አራቱም የተለያየ ዓመት ከሆኑ ባለቤቱ በችግር ጊዜ ብቻ የሚገዛ ሰው እንደነበረ ይገባችኋል፤ ዘይቱንም እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም። ለግጭት ደግሞ ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ ስፖርቴሎውና ፓራፋንጎው ላይ አስጠጉ፤ ስቱኮ በወፈረበት አይያዝም። የኮፈኑ ቡሎኖች ቀለማቸው ከተላጠ ተፈትተው ያውቃሉ።

መካኒኩን እናንተ አምጡት። ደላላው የሚያመጣው መካኒክ የደላላው ወዳጅ ነው። ለመካኒክ የሚከፈለው ከመኪናው ዋጋ አንጻር ኢምንት ነው፤ ብዙ ሰው ግን እሷን ሊያተርፍ ሲል ትልቁን ያጣል።

ለሙከራም ቤተሰቡን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። ይህን ምክር ከሌላው ሁሉ አስበልጣለሁ። ሚስት ከኋላ ከልጆቹ ጋር ትቀመጥ፣ አያትም ካሉ ይግቡ፤ ሲገቡና ሲወጡ ጉልበታቸው ይታያል። ዳገት መሐል ላይ አቁሙት፣ የእጅ ፍሬኑን ይዛችሁ እንደገና አስነሱት። ፍሪሲዮኑ የሚንሸራተት ከሆነ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይሄድም፣ የማቃጠል ሽታም ይመጣል። ጉድጓድ ላይ ሲያልፍ አሞርትዛተሩ ካለቀ ከኋላ ያሉት ከሾፌሩ በፊት ያውቁታል። መኪናው ለእነሱ ስለሆነ የእነሱ ቃል ይሰማ።

ወረቀቱ ላይ ሰው ከሁሉ በላይ ይጎዳል። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር አንድ መሆን አለበት። ለጃፓን ገበያ የተሠራ መኪና 17 አኃዝ ያለው የሻንሲ ቁጥር የለውም፤ አጭር ነው፣ ስለዚህ ማጠሩ ብቻውን አያስደነግጣችሁ። ብረቱ ተፍቆ እንደገና የተመታ መስሎ ከታየ ግን እዚያው አቁሙ። መኪናው የባንክ መያዣ፣ የፍርድ ቤት እግድ ወይም የትራፊክ ቅጣት እንደሌለበት ፋይሉ ካለበት የትራንስፖርት ቢሮ አጣሩ። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል፣ ተመሳሳይ መብት ለሌለው ሰው አይተላለፍም። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ስምምነትም ይጠየቃል።

ከሁሉ የከፋው በውክልና ብቻ መግዛት ነው። ስም ማዛወሪያውን ለማዳን ተብሎ ብር ተቆጥሮ ይሰጥና ገዢው ውክልና ይዞ ይነዳል። ውክልና ባለቤትነት አይደለም። ባለቤቱ ሊሽረው ይችላል፤ በፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ወካዩ ሲሞት ውክልናው በመርህ ደረጃ ያበቃል። ያን ጊዜ ከማታውቋቸው ወራሾች ጋር ፍርድ ቤት መቆም ይመጣል። ሙሉው ብር የሚከፈለው ውልና ማስረጃ ፊት ውሉ ሲፈረም ነው፤ ስሙም ወዲያው ይዛወር።

መለዋወጫን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው፦ ዲላ ወይም ሐዋሳ የማይገኝለትን መኪና አትግዙ። ቶዮታ የሚወደደውም ለዚህ ነው። ነዳጅ ሲጠፋ በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን ለሚቀዱም የተራቀቀ ሞተር ያለው የአውሮፓ መኪና አይሆንም፤ ከሌላ ነገር ጋር የተቀላቀለ ነዳጅ ቶሎ ይገድለዋል። ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የሚጠይቁም አሉ። አይዲ 6 የተባለው ስድስት ወይም ሰባት ሰው ይይዛል፣ ዳገትም አያስቸግረውም፣ ቁልቁለት ሲወርድም ባትሪው በከፊል መልሶ ይሞላል። ኑሮው ከዲላ ብዙ ለማይርቅ፣ ቤቱ የታመነ መብራት ላለው ሰው ሊታሰብ ይችላል። አዲስ አበባ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚመላለስ ግን በመንገዱ ላይ ቻርጅ ማድረጊያ እስኪበረክት ቢቆይ ይሻለዋል። ያገለገለ ከሆነም የባትሪው ጤንነት በመሣሪያ ሳይለካ አይገዛም።

በመጨረሻ፣ ያላችሁን ብር በሙሉ ለመኪናው አታውሉት። ከአሥር እጅ አንዱን ያህል አስቀሩ። በመጀመሪያው ወር ዘይቱ፣ ፊልትሮዎቹ፣ የፍሬን ዘይቱና የራዲያተሩ ውሃ ይቀየራሉ፤ ምናልባት ሁለት ጎማና ባትሪም። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ በሕግ ግዴታ ነው፣ ቦሎውም አለ። ይህን ሁሉ ለመክፈል የሚበቃ ብር የሚያስተርፍላችሁ መኪና በዘንድሮው ገበያ ካልተገኘ ሞተር ሳይክሉን ለአባት ብቻ አድርጉት፣ ልጆቹና እናታቸው በሚኒባስ ይሂዱ፣ ብሩንም ለመጪው የቡና ወቅት አቆዩት።