ጆንያውን ሳይፈቱ

በጥቅምት ዋጃ ሜዳ ላይ የማሽላ ጠባቂ ከማማው አይወርድም። ወፉ ሳይነጋ ይመጣል፤ ወንጭፉም ከእጁ አይለይም። ጥቅምት 2 ቀን 2016 ዓ.ም፣ በዚሁ ወፍ የማባረር ሰሞን፣ ከአሜሪካ ፍሎሪዳ አንዲት መንኮራኩር ወደ ሰማይ ተተኮሰች። ስሟ ሳይኪ ነው፤ የምትሄድበት አስትሮይድም ሳይኪ ይባላል።

አስትሮይዱ ከማርስና ከጁፒተር መካከል ሆኖ በ5 ዓመት አንዴ ፀሐይን ይዞራል። ሰፊው ጎኑ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣሊያናዊው አኒባሌ ደ ጋስፓሪስ ኔፕልስ ላይ ያየው በ1844 ዓ.ም ነበር፤ እኛ ዘንድ ደጃዝማች ካሳ ገና አፄ ቴዎድሮስ አልተባሉም።

ሰውን ያጓጓው ብረትነቱ ነው። ከምድር የተላከ የራዳር ሞገድ ተራ ድንጋይ ከሚመልሰው በርትቶ ከእሱ ላይ ይመለሳል። ስለዚህ፣ ግጭት ቅርፊቱን የላጠው የአንድ ጥንታዊ ጅምር ፕላኔት እምብርት ሳይሆን አይቀርም ተባለ። የምድራችን የብረት እምብርት ከእግራችን በታች 2,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ ነው የሚጀምረው። ከዞብል ተራራ ማዶ፣ አፋር ውስጥ፣ ኤርታ አሌ የቀለጠ ድንጋይ ያፈላል፤ እሱም ቢሆን ከላይኛው ንብርብር የመጣ እንጂ ከዚያ ብረት የተቀዳ አይደለም። አስትሮይዱን በዶላር ተምኖ ዜሮ የሚደረድር ወሬም አለ። ገዢም አጓጓዥም የሌለውን ዕቃ ዋጋ መጥራት ምን ይረባል?

ቆቦ ገበያ እህል የሚገዛ ነጋዴ ጆንያውን ከመፍታቱ በፊት ብድግ ያደርገዋል። ሞልቶ እየታየ ሲነሳ ከቀለለ ገለባ አለበት። ሳይኪም የታማው በዚሁ ነው። ንጹሕ ብረት ቢሆን የአንድ ሊትር ጣሳ ያህሉ 8 ኪሎ ሊጠጋ ይገባው ነበር፤ ከሩቅ የተሠራው ስሌት ግን 4 ኪሎ አካባቢ ይሰጠዋል። ወይ ድንጋይ ተቀላቅሎበታል፣ ወይ ውስጡ ክፍተት በዝቶበታል።

የሰማይ ጆንያ የሚመዘነው ታዲያ በመዞር ነው። መንኮራኩሯ ስትዞረው ስበቱ በበረታበት በኩል ትፈጥናለች፣ በላላበት ትዘገያለች። ዋጃን አቋርጦ የሚያልፍ አውቶቡስ ጥሩምባው ሲመጣ ቀጥኖ፣ ካለፈ በኋላ ይወፍራል፤ የመንኮራኩሯም ሬድዮ ፍጥነቷን ተከትሎ እንዲሁ ይቀጥናል ይወፍራል። ምድር ላይ ሆኖ ያንን የሚያዳምጥ ሰው የአስትሮይዱን ክብደት፣ ውስጡ የት እንደከበደም ጭምር ያሰላል። ሌላው መሣሪያ ማግኔት ይፈልጋል፦ የቀለጠ እምብርት ሲቀዘቅዝ ማግኔትነቱን ይዞ ሊቀር ይችላልና። ሦስተኛው ከጠፈር የሚመጡ ጨረሮች ገጹን ሲመቱ የሚወጣውን ጋማና ኒውትሮን ቆጥሮ ብረቱን፣ ኒኬሉን ይለያል።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይጠይቃል። ሉሲ የተባለችው ሌላዋ መንኮራኩር ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም ድንቅነሽ በሚል በእኛው ስም በተጠራ አስትሮይድ አጠገብ በሰከንድ 4.5 ኪሎ ሜትር በርራ አለፈች። አጃቢ ጨረቃም አገኘችለት፤ እሷም በኋላ በዲኪካዋ ሕፃን ቅሪተ አካል ስም ሰላም ተባለች። ቆንጆ ግኝት ነው፣ ግን መንገድ ላይ እንዳገኙት ሰው ሰላምታ ሰጥቶ ማለፍ ነው። ሳይኪ ሁለት ዓመት ያህል ልትከርም ነው የምትሄደው።

የምትጓዘው በፀሐይ ኃይል የዜኖን ጋዝ እየገፋች ነው። ግፊቱ መዳፍ ላይ እንዳረፉ ጥቂት ሳንቲሞች ክብደት ቢሆን ነው፤ ግን ለወራት አይቋረጥም። በ2017 ዓ.ም የጋዙ መስመር ግፊት ቀንሶ ሞተሮቹ ቆመው ነበር፤ ወደ መጠባበቂያው መስመር ተዛውራ ጉዞዋን ቀጠለች። ጉልበት እንድትጨምር ዕቅዱ ማርስን ወንጭፍ አድርጎላታል፦ ወደ ፕላኔቷ ትወድቃለች፣ ከፕላኔቷ ሩጫ ጥቂት ቆንጥራ ትፈናጠራለች።

የመድረሻ ቀጠሮዋ የ2021 ዓ.ም ክረምት መጨረሻ ነው። መጀመሪያ ከ700 ኪሎ ሜትር ከፍታ ሆና ትዞረዋለች፤ በኋላ ዝቅ እያለች እስከ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ትወርዳለች። አታርፍበትም፣ አትቆፍረውም።