ከቦሌ እስከ ዴንቨር በአንድ ትኬት

ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ምሽት ላይ፣ የአሜሪካ በረራ ወረፋ። ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ሁለት ሻንጣ የጫነ ጋሪ እየገፉ ወደ ካውንተሩ ይቀርባሉ። ሻንጣው ውስጥ በርበሬ አለ፣ ሽሮ አለ፣ በሶና ቆሎ አለ፤ ለልጅ ልጅ የተገዛ የሀበሻ ልብስም አይጠፋም። ሚዛኑ 23 ኪሎ ላይ ሲቆም እፎይ ይላሉ። ሠራተኛዋ ረጅሙን ወረቀት በሻንጣው እጀታ ዙሪያ ታጣብቅና ቁራጩን ቦርዲንግ ፓሱ ጀርባ ላይ ለጥፋ፣ «እማማ፣ ይቺን እንዳይጥሏት። ዋሽንግተን ሲደርሱ ሻንጣዎን አንሥተው ጉምሩክ ያልፋሉ፣ እዚያው መልሰው ያስረክባሉ። ከዚያ በኋላ ዴንቨር ነው የሚያገኙት» ትላቸዋለች።

ይህን ትዕይንት ቦሌ ሰው ሊሸኝ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ወረቀቱን ጠጋ ብሎ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። በላዩ 10 አሃዝ ያለው ቁጥር ታትሟል። ከመጀመሪያው አሃዝ ቀጥለው ያሉት ሦስቱ 071 ናቸው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መለያ ነው። የዩናይትድ 016፣ የሉፍታንዛ 220 ነው። በትልልቅ ፊደል የዴንቨር ምልክት ይታያል፤ ከእርሱ ጋር የዋሽንግተን ደለስ ምልክትና የሁለት በረራዎች ቁጥር አለ። የመጀመሪያው በረራ የኢትዮጵያ ነው፣ ሁለተኛው የዩናይትድ። አንዱ ኩባንያ ቦሌ ላይ ያተመውን ወረቀት ሌላው ኩባንያ ከውቅያኖስ ማዶ ያነበዋል፤ ትኬት ሸጦላቸው የማያውቃቸውን የእኚህን እናት ሻንጣ እንደ ራሱ ደንበኛ ሻንጣ ይጭነዋል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እስከ ዴንቨር ራሱ ቢያደርሳቸው ምን ነበረበት? አውሮፕላን አጥቶ አይደለም፤ ከዋሽንግተን ወዲያ የአገር ውስጥ መንገደኛ እንዲያሳፍር ሕጉ ስለማይፈቅድለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ቺካጎ ላይ የተፈረመው የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት እያንዳንዱ አገር በአየር ክልሉ ላይ ሙሉ ሥልጣን እንዳለው ይደነግጋል። ማን ወዴት እንደሚበር የሚወሰነው በአብዛኛው መንግሥታት ሁለት በሁለት ሆነው በሚፈራረሙት ውል ነው። የውጭ አየር መንገድ ከዋሽንግተን ሰው አሳፍሮ ዴንቨር ማውረድ አሜሪካ ውስጥ ክልክል ነው። አሜሪካዊ አየር መንገድ ገዝቶ በእርሱ ስም ልብረር ቢልም መንገዱ ዝግ ነው፤ የውጭ ባለሀብት ድምፅ ከሚሰጠው አክሲዮን ከ25 በመቶ በላይ መያዝ አይችልም። የአውሮፓ ኅብረትም ከግማሽ በላይ የሆነው ድርሻ በአውሮፓውያን እጅ እንዲቆይ ያስገድዳል። የቢራ ፋብሪካ ድንበር ተሻግሮ ይሸጣል፣ ባንክም ከባንክ ይዋሃዳል። አየር መንገዶች ይህ መንገድ ስለተዘጋባቸው ነው ጥምረት (አሊያንስ) ወደሚባለው ማኅበር የሄዱት።

አሠራሩን ለማስረዳት ከእድር የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። የእድር አባል ቤቱን ከጎረቤቱ ቤት ጋር አይቀላቅልም፤ ገቢውም ጓዳውም የየራሱ ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ ግን የጋራ ነው። ስሙ በመዝገብ ላይ ያለ ሰው ደግሞ በሚያስፈልገው ሰዓት ማንነቱን ከሀ ጀምሮ ማስረዳት አይጠበቅበትም። በአየር መንገዶች ማኅበርም እንዲሁ አውሮፕላኑ፣ ሠራተኛው፣ ትርፉና ኪሳራው የየራስ ነው፤ የጋራ የሚሆነው መንገደኛውን የማስተናገዱ ሥርዓት ነው።

መንገዱን የጠረጉት የኔዘርላንዱ ኬኤልኤምና የአሜሪካው ኖርዝዌስት ናቸው። ሁለቱ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1992 ሰማያቸውን አንዱ ለሌላው ክፍት ለማድረግ ከተፈራረሙ በኋላ እነዚህ ሁለት ኩባንያዎች ዋጋና የበረራ ሰዓት አብረው እንዲወስኑ ከአሜሪካ መንግሥት ልዩ ፈቃድ አገኙ። ተፎካካሪ ኩባንያዎች ተማክረው ዋጋ ቢያወጡ በሌላ ንግድ ወንጀል ነው፤ ስለዚህ ፈቃዱ ትልቅ ነገር ነበር። ከውሉ አምስት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 1997 እ.ኤ.አ. ላይ፣ ሉፍታንዛ፣ ዩናይትድ፣ ኤር ካናዳ፣ የስካንዲኔቪያው ኤስኤኤስና ታይ ኤርዌይስ ስታር አሊያንስን መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ1999 ብሪቲሽ ኤርዌይስና አሜሪካን ኤርላይንስ ከሌሎች ጋር ሆነው ዋንወርልድን፣ በ2000 ኤር ፍራንስና ዴልታ ከኮሪያና ከሜክሲኮ አጋሮቻቸው ጋር ስካይቲምን ጀመሩ። ዛሬም ዋናዎቹ እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ስታር አሊያንስን የተቀላቀለው በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ነው። ጥያቄው ተቀባይነት አግኝቶ አባልነቱ እስኪጸድቅ ከአንድ ዓመት በላይ ወስዷል። ከአፍሪካ የደቡብ አፍሪካና የግብፅ አየር መንገዶች ቀድመውት ገብተው ነበር፤ የጎረቤታችን የኬንያ ደግሞ ስካይቲም ውስጥ ነው። ያ አንድ ዓመት ለወግ ያህል የተቀመጠ አልነበረም። የቦታ ማስያዣ ሥርዓቱ፣ የሻንጣ አያያዙ፣ የኮምፒውተር ግንኙነቱ፣ የደንበኞች መዝገቡ ሁሉ ከሌሎቹ አባላት ጋር እንዲናበብ መሠራት ነበረበት። ዛሬ አንዲት ሠራተኛ ቦሌ ላይ ቁልፍ ስትጫን የዴንቨሩም ቦርዲንግ ፓስ አብሮ የሚወጣው ይህ ሥራ በመሠራቱ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንግባ፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ እርሱ ነው። እናታችን ሒሳብ የከፈሉት ለአንድ አየር መንገድ ብቻ ነው። ትኬቱን የሸጠው ሙሉውን ይቀበላል። ዩናይትድ የዋሽንግተን–ዴንቨሩን መንገድ ካበረረ በኋላ ቀድሞ በተስማሙበት ቀመር ድርሻውን ያስልና ሒሳብ ይልካል። በሌላ ቀን ደግሞ ዩናይትድ የሸጠው መንገደኛ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በኢትዮጵያ አውሮፕላን ይመጣል፤ ሒሳብ ላኪው የኢትዮጵያ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ትኬት ገንዘብ ቢላላኩ ባንኮች ይጨናነቁ ነበር። ለዚህ ሲባል የዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር፣ አያታ፣ እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ የሒሳብ ማቻቻያ ቤት አለው። አንዱ በሌላው ላይ ያለውን ዕዳ ያጣፋና ልዩነቱን ብቻ ያስከፍላል።

በረራ ለሚደጋግም መንገደኛ በነጥብ መልክ የሚቆጠርለት ማይልም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። የማይል ፕሮግራም ከጥምረቶቹ በዕድሜ ይበልጣል፤ አሜሪካን ኤርላይንስ እ.ኤ.አ. በ1981 ሲጀምረው ዩናይትድም በዚያው ዓመት ተከተለው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የማይል ፕሮግራም የሆነው የሼባ ማይልስ አባል በዩናይትድ በረረና ማይሉን በሼባ ማይልስ ቁጥሩ አስመዘገበ እንበል። ማይሉ በነፃ የተሰጠ ይመስለዋል። ከመጋረጃው ጀርባ ግን ዩናይትድ ለዚያ ማይል ለኢትዮጵያ አየር መንገድ ይከፍላል። አባሉ ማይሉን አጠራቅሞ በሉፍታንዛ የነፃ ትኬት ሲያወጣ ደግሞ ወንበሩን ለሰጠው ለሉፍታንዛ የሚከፍለው የኢትዮጵያ ነው። የወርቅ ካርድ ይዞ የሌላ አየር መንገድ ላውንጅ ገብቶ ቡና ቢጠጣም እንደዚያው ነው፤ በር ላይ ካርዱ ሲነበብ ሒሳቡ ካርዱን ለሰጠው ይመዘገባል። የነፃ ትኬት ወንበር በበዓል ሰሞን የሚጠፋበትም ምክንያት እዚህ ላይ ነው። በሙሉ ዋጋ የሚሸጥ ወንበር እያለው ለአጋሩ ደንበኛ በቅናሽ የሚለቅ አየር መንገድ የለም።

ተደጋጋሚ መንገደኛ የሚባለው ሰው ጥቅሙን የሚያየው ደረጃው ከፍ ሲል ነው። ሼባ ማይልስ ከሰማያዊ ተነሥቶ ወደ ብር፣ ወደ ወርቅና ወደ ፕላቲነም ይወጣል። ስታር አሊያንስ በበኩሉ የአባላቱን ልዩ ልዩ ደረጃ ወደ ሁለት አጠቃልሎታል፤ ብርና ወርቅ። ብሩ የሚሰጠው ትንሽ ነው፤ በተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ቅድሚያ ማግኘት ነው ዋናው። ወርቁ ግን ሌላ ነው። ቼክ ኢን ላይ የተለየ ወረፋ፣ ቀድሞ መሳፈር፣ ከአንድ እንግዳ ጋር ላውንጅ መግባት፣ ሻንጣ ቶሎ መውረድ አለ። ለኛ ሰው ግን ከሁሉ የሚበልጠው የሻንጣው ነገር ነው፤ በኪሎ በሚመዘንበት መስመር 20 ኪሎ ጭማሪ፣ በቁጥር በሚታሰበው እንደ አሜሪካ ባለው መስመር ደግሞ አንድ ሙሉ ሻንጣ ተጨማሪ። ከአገር ቤት ሲመለስ ቅቤና በርበሬ ላይ «ይቅር፣ አይቅር» እያለ ሻንጣ መሬት ላይ ከፍቶ የቀነሰ ሰው የዚህን ዋጋ ያውቃል።

ስለዚህ አሜሪካ የሚኖር ወገኔ ደጋግሞ የሚጠይቀኝ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ማይሌን በየትኛው መዝገብ ላጠራቅም? መልሴ አንድ ነው፤ በአንዱ ብቻ። እዚህም እዚያም ትንሽ ትንሽ ያለው ሰው የትም አይደርስም፤ በብዙ ፕሮግራሞች ማይል የሚቃጠልበት ቀን ስላለው ያ ትንሹም ይጠፋል። ወደ አገር ቤት የሚመላለስና ትልቁን ርቀት በኢትዮጵያ የሚበር ሰው ሼባ ማይልስን ቢይዝ አይጸጸትም። ጥቂት ሰው ብቻ የሚያውቀው አንድ ነገርም አለ። የዩናይትድ የራሱ ወርቅ አባላት አሜሪካ ውስጥ ብቻ ሲጓዙ በዚያ ደረጃ የዩናይትድ ላውንጅ አይገቡም፤ ከሌላ የስታር አባል ወርቅ ያገኘ መንገደኛ ግን በአገር ውስጥ በረራም ይገባል።

መጠንቀቅ የሚያሻባቸው ነገሮችም አሉ። ትኬት ላይ ከበረራው ቁጥር አጠገብ አንዲት ፊደል አለች፤ የዋጋውን መደብ ትናገራለች። በረከሰው መደብ የሚገኘው ማይል ጥቂት ነው፤ አንዳንዴም ምንም የለም። ሁለተኛው ስም ነው። ፓስፖርታችን የአያትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ሲጽፍ፣ ውጭ አገር ዜግነት የወሰደው ብዙ ጊዜ የአባቱን ስም በዚያ ቦታ ያስገባል። የማይል መዝገቡ ላይ ያለው ስም ትኬቱ ላይ ካለው ካልገጠመ ማይሉ ሳይገባ ይቀራል። ሦስተኛው ከሁሉ ይከፋል፤ ርካሽ አገኘሁ ብሎ ለየብቻ ሁለት ትኬት መግዛት። ሁለቱም አየር መንገዶች የአንድ ጥምረት አባላት ቢሆኑ እንኳ፣ የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥ አየር መንገዱ ሌላ በረራ ፈልጎ የሚያሳፍርህ በአንድ ትኬት ላይ የተጻፈ ጉዞ ሲሆን ነው። እኔ ራሴ ይህን የተማርኩት አንድ ሌሊት ሙሉ የአውሮፕላን ማረፊያ ወንበር ላይ ካደርኩ በኋላ ነው፤ በነጋታው አዲስ ትኬት ገዛሁ።

ጥምረት የማይፈርስ ቃል ኪዳን እንዳልሆነም ማወቅ ይበጃል። ስታር አሊያንስን ከመሠረቱት አምስቱ አንዱ የሆነው ኤስኤኤስ መስከረም 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ወደ ስካይቲም ተሻግሯል፤ ባለቤትነቱ ውስጥ ኤር ፍራንስ–ኬኤልኤም ስለገባበት ነው። ኤሚሬትስና ኢትሃድ ከሦስቱም ውጭ ሆነው በየአገሩ ከመረጡት ጋር ለብቻ ይዋዋላሉ። ባሕረ ሰላጤው አገር ሠርታ በሁለት ዓመት አንዴ የምትመለስ እህታችን የወርቅ ካርድ ላይ መድረሷ ሩቅ ነው፤ ጥቅሙ ለደጋጋሚ ተጓዥ ያደላል፣ ይህን መሸፈን አልፈልግም። ሆኖም ሻንጣዋ በአንድ ወረቀት እስከ መጨረሻው መሄዱ፣ በረራ ቢያመልጣት በሌላ መሳፈሯ፣ ትኬቷ አንድ እስከሆነ ድረስ ካርድ አይጠይቅም።

እናታችን ዴንቨር ደርሰዋል። የሻንጣ ቀበቶው ሲዞር ልጃቸው በገመዱ ቀለም ለየችው፤ ወረቀቱ ከነ071ዱ እጀታው ላይ ነው። መኪና ውስጥ ገብተው እርሳቸው ስለ ዘመድ አዝማድ ሲያወሩ፣ ልጅ ሁለቱን ቦርዲንግ ፓሶች ከቦርሳቸው አውጥታ በስልኳ ፎቶ አነሣች። የኢትዮጵያው በረራ ማይል መግባቱ አይቀርም፤ የዩናይትዱ ግን በጊዜው ሼባ ማይልስ ላይ ካልታየ ጥያቄ የምታቀርበው በዚሁ ነው።