ያውቁ ኖሯል? ሆርሞኑ ሳይደርሰው የሚነሣው ተቀባይ

የኮርቲሶል ተቀባይ ፕሮቲን ወደ ሴሉ ኒውክሊየስ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ሆርሞኑ ሲደርሰው ነው። ሴሉ በኃይለኛ ሙቀት ሲጨነቅ ግን ሆርሞኑ ሳይመጣም ሊገባ ይችላል፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመ ጥናት በአይጥ ሴሎች ላይ ታይቷል። በደህናው ጊዜ የተቀባዩን ቅርጽ ጠብቆ ለሆርሞኑ ዝግጁ የሚያደርገው «ኤችኤስፒ 90» የተባለ የሙቀት ድንጋጤ ፕሮቲን ነው። እርስዎ ሙቀት ባይሰማዎትም ይህ ፕሮቲን ሥራ አይፈታም፤ ባልተጨነቀ ሴል ውስጥ እንኳ ከጠቅላላው ፕሮቲን ከ1 እስከ 2 በመቶ የሚሆነው እርሱ ነው። ለሙቀት ድንጋጤ ፕሮቲኖች ግኝት በር የከፈተው ጣሊያናዊው ፌሩቾ ሪቶሳ ሲሆን፣ ሙቀት የበዛበት የፍራፍሬ ዝንብ እጭ በምራቅ ዕጢው ክሮሞሶሞች ላይ አዲስ እብጠት እንደሚያወጣ እ.ኤ.አ. በ1962 አሳትሟል።