የሳልባትዮ ትንፋሽ

ኮሮላዋ ግቢው ውስጥ ባለው ጋራዥ አድራለች። ጠዋት የጋራዡ በር ሲከፈት ከእሷ በፊት የቤንዚን ሽታ ይወጣል። ባለቤቱ ጎንበስ ብሎ ከሥሯ ያያል፤ ወለሉ ደረቅ ነው፣ አንዲት ጠብታ የለችም። «አሮጌ መኪና መሽተቱ አይቀርም» ብሎ አስነስቷት ይሄዳል። ደረቅ ወለል ግን ምንም አላመለጠም ማለት አይደለም። የሚያመልጠው ፈሳሹ ሳይሆን ትነቱ ነው።

ቤንዚን ማንም ሳይነካው፣ ዝም ብሎ ተቀምጦም ይተናል። ቀን ሳልባትዮው ሲሞቅ ትነቱ በዝቶ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከውጭ አየር ይስባል። ሳልባትዮ ይተነፍሳል ቢባል ማጋነን አይሆንም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየር ግፊቷ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በዚያ ላይ የቀኑ ፀሐይና የሌሊቱ ብርድ በጣም ይራራቃሉ። ትነት እንዲህ ያለ ቦታ ይመቸዋል።

በድሮ መኪኖች ይህ ትንፋሽ በክዳኑና በካርቡሬተሩ በኩል በቀጥታ ወደ አየር ይለቀቅ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በካልቴክ የነበሩት ኬሚስት አሪ ሃገን-ስሚት የሎስ አንጀለስን ሰማይ የሚሸፍነው ጭጋግ ከየት እንደሚመጣ አሳዩ። ያልተቃጠለ ነዳጅና የናይትሮጅን ኦክሳይድ ፀሐይ ሲያገኛቸው የሚፈጥሩት ነው። ከዚያም በካሊፎርኒያ ከ1970 ሞዴል፣ በመላው አሜሪካ ደግሞ ከ1971 ሞዴል ጀምሮ አዳዲስ መኪኖች ትነታቸውን ይዘው እንዲያስቀሩ ግድ ሆነ።

መያዣው ከሰል ነው። ካኒስተር በሚባለው ጥቁር ዕቃ ውስጥ የታጨቀው ይህ የተለየ ከሰል እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት የአንድ ግራሙ ውስጣዊ ገጽ ተዘርግቶ ቢለካ ከ1,000 ካሬ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ትነቱ በቱቦ መጥቶ እዚያ ላይ ይጣበቃል። ሞተሩ ሲሞቅ ፐርጅ ቫልቭ ይከፈትና ሞተሩ ትነቱን ስቦ ያቃጥለዋል፤ በዚያው ጊዜ ቬንት ቫልቭ በሚባለው በሌላኛው በር ንጹሕ አየር ይገባል። ሊባክን የነበረው ቤንዚን መኪናዋን ይነዳል።

ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ መኪኖች ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ይህን መስመር ራሳቸው መፈተሽ ጀመሩ። ኮምፒውተሩ ሁለቱን በሮች ይዘጋና ግፊቱ ይቆይ እንደሆነ ይከታተላል። መጀመሪያ የሚፈለገው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ቀዳዳ ነበር፤ ከ2000 ሞዴል ጀምሮ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሆነ። አንዳንድ ቶዮታዎች ደግሞ ቁልፉ ከተነቀለ ከ5 ሰዓት በኋላ፣ ሰዉ ሁሉ ተኝቶ ሳለ፣ ትንሽ ፓምፕ አስነስተው ይህን ምርመራ ያካሂዳሉ። ስንጥቅ ከተገኘ ቼክ ኢንጂን ይበራል። በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ይህን መብራት ችላ ሊለው አይችልም፤ በየሁለት ዓመቱ በሚደረገው የጭስ ምርመራ መብራቱ የበራባት መኪና ትወድቃለችና።

ወደ ኢትዮጵያ የገቡት ብዙዎቹ አሮጌ መኪኖች ግን ለሌላ ገበያ የተሠሩ ናቸው። ካኒስተር ቢኖራቸውም ራሳቸውን አይፈትሹም። ስለዚህ መብራቱ አለመብራቱ ማረጋገጫ አይሆንም፤ አፍንጫ መታመን አለበት።

መብራቱ በበራበትም ቢሆን ትልቁ ስህተት የሚሠራው ኮዱ ከተነበበ በኋላ ነው። ፒ0455 ትልቅ ክፍተት፣ ፒ0442 ትንሽ፣ ፒ0456 በጣም ትንሽ ማለት ነው። ኮዱ የቀዳዳውን መጠን እንጂ አድራሻውን አይናገርም። እሱን ብቻ አይቶ «ካኒስተሩ ይቀየር» ማለት በደንበኛው ገንዘብ ዕድል መሞከር ነው።

ፍለጋው ከክዳኑ ይጀምራል፤ ርካሹ ጥፋት ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። የክዳኑ ጎማ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ክዳኑ የሚያርፍበት የመሙያ አንገት ከንፈር ይዝጋል። ሽታው ነዳጅ ሲሞላ ብቻ የሚብስ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ አንገቱ ቱቦና ከኋላ ወንበር ሥር ወዳለው የነዳጅ ፓምፕ ጎማ ይሄዳል። ሽታው ከፊት፣ ከሞተሩ አካባቢ ከመጣ ነገሩ ሌላ ነው፤ ፈሳሽ ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል ሳይታይ መንዳት አይገባም።

ፐርጅ ቫልቭ በነጻ ይፈተናል። ሞተሩ ጠፍቶ ቱቦው ተነቅሎ ሲነፋበት አየር ማሳለፍ የለበትም። ካሳለፈ ክፍት ሆኖ ቀርቷል። ይህ ጥፋት የራሱ ምልክት አለው፤ መኪናዋ ሁሌ በደንብ እየተነሳች፣ ማደያ ሞልታ ስትወጣ ብቻ አልነሳ ትላለች። ሲሞላ የተገፋው ትነት ሞተሩን ያፍነዋል። «ፉል» ከተባለ በኋላ የማደያው ጠመንጃ ቆርጦ ሳለ እየደጋገሙ መጨመርም ካኒስተሩን በፈሳሽ ቤንዚን ያጥለቀልቀዋል፤ ከሰሉ ተፈርፍሮ ቫልቮቹን ይዘጋል።

ቬንት ቫልቭን የሚያበላሸው አቧራ ነው፣ አንዳንዴም ሸረሪት። ማዝዳ በ2011 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ከ50 ሺህ በላይ ማዝዳ 6 መኪኖችን የጠራው በቤንዚን ሽታ የምትሳብ አንዲት የሸረሪት ዝርያ በአየር ማስገቢያው ቱቦ ውስጥ ድር እያደራች ስላስቸገረች ነው። አየር መግቢያ ያጣ ሳልባትዮ ወደ ውስጥ ተስቦ ሊሰነጠቅ ይችላል። ካኒስተሩን ፈትቶ መስመሩን መድፈንም መጨረሻው ይኸው ነው፤ እንዲህ ያለው «መፍትሔ» ጥገና አይባልም።

በዓይን ያልተገኘውን የሚያገኘው የጭስ ማሽን ነው። የማዕድን ዘይት አሙቆ ነጭ ጭስ ይሠራል፤ ጭሱ ከመኪና ጎማ አየር ስድሳኛ ገደማ በሆነ ደካማ ግፊት ወደ መስመሩ ይገባል፤ በጨለማ ቦታ በባትሪ መብራት ሲታይ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ከስንጥቁ ይወጣል። ጭሱን የሚገፋው ጋዝ ናይትሮጅን ቢሆን ይመረጣል፣ ከነዳጅ ትነት ጋር አይቀጣጠልምና። የጎማ መንፊያ ኮምፕረሰር በሳልባትዮ ላይ መሞከር ግን ክልክል ነው።

ጥገናው ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፤ ቱቦ፣ ክዳን፣ ወይም ቫልቭ። ቱቦው ለቤንዚን የተሠራ መሆን አለበት። ከጎማ ከመነዳሪ ተቆርጦ የሚገባ ማሸጊያ በቤንዚን ያብጣል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ሽታው ይመለሳል። የተበሳ ሳልባትዮ ደግሞ «ባዶ ነው» ተብሎ አይበየድም። ባዶው ከሙሉው ይበልጥ አደገኛ ነው፤ ውስጡ የቀረው ትነትና አየር ተደባልቀው ብልጭታ ብቻ ይጠብቃሉ።

እንግዲህ መኪናዎ የምትሸት ከሆነ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት መካኒኩን ጭሱ የወጣበትን ቦታ አሳየኝ ይበሉት። ከተሠራም በኋላ በዚያው ማሽን ድጋሚ እንዲፈትሸው ይጠይቁ። እስከዚያው የጋራዡን በር ክፍት ያድርጉ፤ ጠዋት ሽታው ጠንክሮ ከጠበቀዎ የመብራት ማብሪያ አይንኩ፣ መኪናዋንም ሳያስነሱ ገፍተው ያውጧት።